ያልተረጎምኩት ደስታ

ፀጉሬ የሸበተው ናይሮቢ ውስጥ የሰው ሕመም ስተረጉም ነው። ፈልጌው የያዝኩት ሙያ አይደለም። አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ደርግ የትምህርት ቤታችንን መምህራን አንድ በአንድ መልቀም ሲጀምር በሞያሌ በኩል በእግሬ ወጣሁ። ናይሮቢ ስገባ ሁርሊንግሃም ውስጥ ለስደተኞች የተከፈተች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ እንግሊዝኛና አማርኛ የምትችል ሴት ትፈልግ ነበርና እኔ ተገኘሁ። የጨጓራውን፣ የአስሙን፣ የእርግዝናውን ሁሉ ተረጎምኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ ይመጡ ነበር። አንድ ቃል አላጎድልም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር፤ ባል ሚስቱ ፊት የማይባለውን ሲል እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ እተረጉመዋለሁ። ያጎደልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ታማሚዋ እህቴ ነበረች።

እህቴ ታናሼ ናት። የደርግ ሰዎች እሷን አልፈለጓትም፤ የተፈለግሁት እኔ ነበርኩ። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁማ ልብስ ስፌት የገባች፣ ከፖለቲካ ጋር ሰላምታ እንኳ የሌላት ልጅ ነበረች። ልወጣ ጓዜን ስሸክፍ ደረሰችብኝና፣ «እትዬ፣ ብቻሽን ከሄድሽ ማን ያበስልልሻል?» አለችኝ። ወጥ አሳርራለሁ፤ እሱን መስደቧ ነው። የሷንም ልብስ ከእኔው ጋር ጠቀለለችው። እማዬ ሁለታችንንም ስማ በሩን ከኋላችን ዘጋችው፤ ቆማ እንኳ አልሸኘችንም፣ ጎረቤት እንዳይጠረጥር።

ኢስሊ የምንኖርበትን ክፍል ያከራዩን በሞያሌና በናይሮቢ መካከል ጨርቅ የሚያመላልሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። በሱቃቸው ጥግ አንድ የእግር ስፌት መኪና አስቀመጡላትና እህቴ እዚያ ትሰፋ ጀመር። የልብስ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ አንዳንዴ እሱን እንዳደረገች ትተኛለች። እንግሊዝኛ አልሆንላት ብሎ ነበር። ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቃት፣ ማታቱ የሚሉት የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ሲቆጣት፣ ፈገግ ትልና፣ «እህቴን ጥሩልኝ፤ እሷ ታስረዳችኋለች» ትላለች፣ በአማርኛ። ሰውየው ይግባው አይግባው ግድ የላትም። እኔ አጠገቧ ባልኖርም ትለዋለች። ስንት ቀን ከሥራ አስጠርታኝ ሄጄ አስረድቻለሁ። እየተነጫነጭኩ እሄድ ነበር፤ ደስ ይለኝም ነበር።

ስለ በሽታው የማውቀው በመቶ አለቃው በኩል ነበር። መቶ አለቃው ከደርግ ጦር ከድቶ የመጣ፣ ጤነኛ ሲሆን አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። ሲነሳበት ግን ዌስትላንድስ አደባባይ መሐል በነጭ ጓንት ቆሞ መኪና ያስተናብራል። ጓንቱን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ጫማውን ለመንገደኛ ሰጥቷል፤ ደርግንና ሸማቂዎቹን እንዲያስታርቅ ከሰማይ ታዟል፤ እንቅልፍ ከተኛ ሳምንት አልፎታል። እኛ ሰፈር ይህ «አበደ» ነው የሚባለው፣ ሌላ ስም የለውም። ሐኪሙ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ኬንያዊ ናቸው፤ ለሚስቱ ሲያስረዱ፣ «ይህ የስሜት ሕመም ነው። ሰውየውን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ከዚያ ወደ ታች ያወርደዋል። የሱ አወጣጥ ልክ የለውም፤ ለዚህ ነው ሆስፒታል የሚተኛው» አሉ። ያን ጊዜ ማኒክ ዲፕሬሽን ነበር የሚባለው፤ ባይፖላር የሚለውን ስም ኋላ ነው የለመድነው።

ሐኪሙ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው አዘንኩ፣ ከፋኝ፣ መኖር ታከተኝ ብሎ ሲመጣ፣ መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት ይጠይቁታል፦ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጊዜ ነበረህ ወይ? ሳትተኛ የማይደክምህ፣ ሐሳብህ የሚሮጥ፣ የማትችለው ነገር የሌለ የሚመስልህ ጊዜ? ያቺን ጥያቄ ከመደጋገሜ የተነሳ እሳቸው ሳይጨርሱ እኔ እጨርሳታለሁ። ለምን እንደሚጠይቁም አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ነግረውኛል። ላዘነ ሰው የሚሰጠው ክኒን፣ ከፍታም ዝቅታም ላለበት ሰው ለብቻው ከተሰጠ ከልክ በላይ አንስቶ ሊያሳብደው ይችላል አሉኝ። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ብችል ኖሮ እስከ ዛሬ ብዬው ነበር።

አሁን ስለ ደስታችን ልናገር። ናይሮቢ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ሁለት ወር ሲቀረው፣ እህቴ አንድ ማለዳ ተነስታ የሰፈሩን የሐበሻ ልጅ ሁሉ ለበዓል አለብሳለሁ አለች። የክርስቲያኑን ለፋሲካ፣ የሙስሊሙን ለኢድ። ሐጂ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቀቁላት። ጎህ ሳይቀድ መኪናዋ ይጮኻል፣ ስንተኛም ይጮኻል፤ ሦስት ሰዓት ከተኛች ብዙ ተኛች። ድካም የሚባል የለም። እንግሊዝኛ እምቢ ያላት ልጅ ስዋሂሊ በአንድ ወር አቀላጠፈች። ሴቶቹ «ፉንዲ» እያሉ ሱቁ ደጃፍ ይሰለፋሉ፤ ሰፊዋ ማለታቸው ነው። ለእያንዳንዷ ቀልድ አላት። አንዱን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች፤ ወሬው ራሱ እየሮጠ ያመልጣታል።

እኔ በዚያ ጊዜ የሞትኩ ነበርኩ። አብረውኝ ያስተማሩት ሰዎች አንድ በአንድ እንደተገደሉ ይነገረኝ ነበርና እንጀራ አይዋጥልኝም፣ ሰው ማየት አልፈልግም። እሷ ናት ያወጣችኝ። ከመጋረጃ ጨርቅ ቀይ ቀሚስ ሰፍታ በግድ አለበሰችኝ። «ፊትሽን ፍቺው እትዬ፤ እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያይሽ ካድሬ የለም» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሳቅኩት እኔ፣ ያን ቀን አልጋው ላይ ወድቄ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደነዚያ ሳምንታት የኖርኩ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ነበር። በመሐሉ ሦስት ቀን ጠፋች። ልብስ ሊያሰፋ ከመጣ አንድ የባቡር ሠራተኛ ጋር ሞምባሳ ሄዳ ኖሯል፤ ካወቀችው አራት ቀኑ ነበር። እኔ በየፖሊስ ጣቢያው ስዞር ከርሜ፣ ዛጎል በመሐረብ ቋጥራ እየሳቀች ገባች። «እትዬ፣ ባሕር አየሁ» አለችኝ። በጥፊ መታኋት። እሷ ሳቋን አላቋረጠችም፤ ትንሽ ቆይቼ እኔም ሳቅኩ። ለሰፈሩ ናኩሩ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ነው አልኩ። ገመናችንን ሸፈንኩ፣ ነገሩ አለቀ። አለቀ መስሎኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ሲገባ መኪናው ዝም አለ። መጀመሪያ ደክሟት ነው አልኩ፣ ሰው አይደለች? ናይሮቢን የሐምሌ ብርድ ሲይዛት እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ፀጉሯን አታበጥርም፤ ውሃ እንኳ በልመና ነው የምትጠጣው። «ገላዬ ከበደኝ እትዬ» ትላለች። ያለበሰቻቸው ልጆች ሊጠይቋት ሲመጡ ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ትስባለች። ጎረቤቶቹ ዓይን በላት አሉ፤ ሐጂ ወተት ይልካሉ፤ ከሰው ሰው አስፈልጌ ጠበል አስመጣሁ። አንድ ቀን እግሯን ሳጥባት፣ «ባልነቃ ደስ ይለኛል» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። ተይ፣ እንዲህ አይባልም አልኳት። በነጋታው ማክሰኞ ነበር፤ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ሐኪሙ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ መሞት አምሯት እንደሆነ ጠየቋት። የመለሰችውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። መሞቱንም ሳይቀር ተረጎምኩ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች።

እህቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ከብዙ ሳምንት በኋላ ረጅም ነገር ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። «ነበረኝ» አለች። «ከፋሲካ በፊት። አልተኛም ነበር። እጄ ሐሳቤን አይደርስበትም ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከማላውቀው ሰው ጋር ሞምባሳ ሄድኩ፤ ራሴን አላውቀውም ነበር እትዬ። አንቺ እኮ ደስ ብሎኝ መስሎሻል። ንገሪያቸው።»

ወደ ሐኪሙ ዞርኩና፣ «ሁልጊዜም ታታሪ ልጅ ነበረች» አልኳቸው።

ሐኪሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ብዙ ነው እኮ የተናገረችው» አሉ።

«ስለ ስፌት ሥራዋ ነው» አልኩ።

እህቴ እንግሊዝኛ ባታውቅም የአረፍተ ነገሬን ማጠር ታውቃለች። አየችኝና አንገቷን መልሳ ደፋች። እኔ ካስረዳሁ በቃ፣ ተረድቷል ማለት ነው ለሷ። ሐኪሙ ያዘነ ሰው ክኒን ጻፉላት።

ለምን እንዲህ አደረግሽ ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ መልስ ሰምቷል። ለአንዱ ፎርማችንን ነው ያልኩት፦ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር የሞላነው ማመልከቻ ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ ነበርን፤ የእብደት ወረቀት ከገባበት ሁለታችንም እንወድቃለን ይባል ነበር። ይህ እውነት ነው። ለሌላው ስለ ሞምባሳ ነው ያልኩት፤ የእህቴን ገመና በገዛ አፌ ለሰው ወንድ መንገር አቃተኝ። ይህም እውነት ነው፤ እኛ እንዲህ ነው ያደግነው። የመጨረሻውን ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያቺ ሁለት ወር የእኔም ነበረች። ከሞት ያነሳኝን ሳቅ ሰው በሽታ ብሎ ፋይል ውስጥ እንዲጽፈው አልፈለግሁም። መቶ አለቃውን አውቀዋለሁ፤ የእኛ እንዲያ አይደለም አልኩ በሆዴ። የእኛ ደስታ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ተነሳች። ፀጉሯን ታጥባ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ወደ ሱቅ ወጣች። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ አበሰርኩ፤ አለቀስኩም። ሐኪሙ እንዴት ናት ሲሉኝ ድናለች አልኳቸው። «አምጪልኝ፣ ልያት» አሉ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። «ትተኛለች?» አሉ። ትተኛለች አልኩ። አትተኛም ነበር።

የአሁኑ አነሳስ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። የጀመረችውን ልብስ ትቀድና ትቆጣኛለች። ደረቷን ይዛ ክፍሉ ውስጥ ትመላለሳለች። በዚህ መሐል የኢንተርቪው ቀጠሮ ደረሰን፤ ናይሮቢ ከገባን ጀምሮ የጠበቅነው ወረቀት ነው። እህቴ ወረቀቱን አይታ፣ «እማዬን ሳናመጣ የት ነው የምንሄደው?» አለች። በሞያሌ ገብቼ በአንድ ሳምንት ይዣት እመጣለሁ፣ ወታደሮቹም አይነኩኝም፣ እነግራቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል አለች። እብድ ነሽ እንዴ አልኳት። ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ማክሰኞ እስኪደርስ ሁለት ቀን ነበረ። ማክሰኞ እወስዳታለሁ፣ ሁሉንም ለሐኪሙ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በእግዚአብሔር ስም፣ ወስኜ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ አልነበረችም። ሐጂ ሱቅ ያሉት ሠራተኞች በጠዋት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ የእማዬ ጫማ ቁጥር ስንት ነበር እያለች ሰው ስትጠይቅ አይተዋታል። ለልጆቹ ከረሜላ ገዝታ ሰጥታ፣ ኢሲዮሎ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የጭነት መኪና ነው፣ እስከ ሞያሌ። ሐጂ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ዕቃ ሊጭኑ ያሰቡት ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ በማግስቱ እሷን ፍለጋ ወጡ። «ልጄ፣ አንቺ እዚሁ ሁኚ፤ አንቺን ካዩሽ ሁለት ይሆናል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስሜ ከሚፈለጉት ሰዎች ዝርዝር አልተፋቀም። እሷ ደግሞ የእኔ እህት ናት፤ በዚያ ላይ ድንበር አቋርጦ መኮብለል ራሱ ክህደት የሚባልበት ጊዜ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። በእጃቸው ሜትሯን ይዘዋል። በኬንያው ሞያሌ አንዲት ሴትዮ ቤት አድራ፣ ለሴትዮዋ ልጅ በአንድ ጠዋት ቀሚስ ሰፍታ፣ ቤቱን በሳቅ ሞልታው፣ ሜትሯን እዚያው ረስታ ወጣች። ከገበያተኛ ጋር በጠራራ ፀሐይ ነው የተሻገረችው። ወዲያ ማዶ ኬላው ላይ ወታደሮቹ ይዘው ወደ ውስጥ ሲወስዷት ገበያተኞቹ አይተዋል። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው የለም። ገበያተኞቹ የሰሙትን አንድ ነገር ሐጂ ጨምረው ነገሩኝ፤ እሱን ኋላ እናገረዋለሁ፣ አሁን አልችልም።

ማክሰኞ ክሊኒክ ሄድኩ። ታማሚ እስኪያልቅ አስተረጎምኩ፣ ከዚያ ያን ቀን እህቴ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ያቺን ያላስተላለፍኳትን ንግግር ከነሞምባሳዋ፣ እሷ እንዳለችው ለሐኪሙ ነገርኳቸው፤ ቀዩን ቀሚስም ጨመርኩ። ሐኪሙ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ የታማሚ ካርድ ገልብጠው በእስክሪብቶ ሦስት መስመር ሠሩ። የመጀመሪያው ሽቅብ ወጥቶ ከካርዱ ጠርዝ ሊወጣ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። «ይህ መቶ አለቃው ነው» አሉ። «ይህንን ማንም ያየዋል፤ መንገደኛ ሳይቀር።» ሁለተኛው ትንሽ ብቻ ከፍ አለና ወርዶ፣ ወርዶ፣ ረጅም ሰዓት ታች ሄደ። «ይህ ሌላ ዓይነት ነው። ከፍታው ትንሽ ስለሆነ ሰዉ ጎበዝ፣ ተጫዋች፣ ሥራ ወዳድ ይለዋል። ታማሚው ራሱ የሚመጣው ሲወርድ ብቻ ነው። ዝቅታው ግን ከመጀመሪያው አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ይረዝማል።» ሦስተኛው እንደ ክር ስፌት ወጣ ገባ እያለ ካርዱን ጨረሰ። «ይህ ደግሞ ለዓመታት ትንሽ ትንሽ ሲወጣ ሲወርድ የሚኖር ነው። ጠባዩ ነው ብለው ይተዉታል።» ከዚያ እስክሪብቶአቸውን ሁለተኛው መስመር ላይ ትንሿ ከፍታ ጋ አሳረፉ። ያቺ ትንሽ ከፍታ የእኔ ቀይ ቀሚስ ነበረች።

ከፍታና ዝቅታ አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም አለ አሉኝ፤ ሰውየው እያለቀሰ የሚሮጥበት፣ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። ያ የመጨረሻው ሳምንቷ ነው። የተለያየ ዓይነት ስለሆነ መድኃኒቱም አሰጣጡ ይለያያል፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ክኒን ልጓም የሚሆን ሌላ መድኃኒት ሳይኖር ለብቻው መሰጠት አልነበረበትም። ይህን ሲናገሩ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ለማዞር ይሞክሩ ነበር፤ ደግመው መጠየቅ ነበረብኝ አሉ። እኔ ግን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው መልሱ ነው።

«በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ፤ በዚህስ አልዋሸሁም። ከመነሳቴ በፊት እኔም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ያኔ የሳቀችው ሳቅ የሷ ነበር ወይስ የበሽታው? ሐኪሙ ካርዱን ገልብጠው አስቀመጡት። «እኔ አልለየውም» አሉኝ።

ኢንተርቪው ሄድኩ። ፎርሙ ሁለት ናችሁ ይላል፣ ሁለተኛዋ የት አለች አሉኝ። እየመጣች ነው አልኩ። ቀጠሮ ለወጡልኝ፤ ደግመው ጠሩኝ፣ አሁንም እየመጣች ነው አልኩ። በሦስተኛው አልሄድኩም። እህቴ ሌላ አድራሻ አታውቅም፤ ብትመለስ የምትመጣው ኢስሊ፣ የሐጂ ግቢ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ታማሚ ያለውን አሳጥሬ አላውቅም። አንዲት እናት ልጇ ስትናገር «ይሄን አትንገሪያቸው» ብትለኝ፣ እሱንም ጨምሬ እተረጉማለሁ። ይረግሙኛል። ይርገሙኝ።

ደርግ ሲወድቅ ሐጂ አርጅተው ነበር፤ ሆኖም አብረውኝ እስከ ሞያሌ መጡ። ኬላው ላይ ሌሎች ወታደሮች ነበሩ፣ የሚያውቁት የለም። በየእስር ቤቱ፣ በየጣቢያው ጠየቅኩ። መዝገብ የለም፤ ያለውም የሷን ስም አያውቅም። አዲስ አበባ ገባሁ። እማዬ በሩን ከፈተችና መጀመሪያ ከኋላዬ አየች፣ ሌላ ሰው እንዳለ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሜትሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በጣቷ እየጠቀለለች እየፈታች ሰማችኝ። ስለ ፋሲካው ልብስ፣ ስለ ሞምባሳ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሦስቱ መስመር። ስጨርስ፣ «አባታችሁም እንዲህ ነበር» አለች።

አባባ የሞተው ልጆች ሳለን ነው። እማዬ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ወሩን ሙሉ ሲዘፍን፣ አጥር ሲያጥር፣ መንገደኛውን ሁሉ ጠርቶ ሲጋብዝ ይከርምና፣ ክረምቱን ሙሉ ተሸፋፍኖ ይተኛ ነበር። ለእናንተ ወባ ነው እላችሁ ነበር አለች። አስታወስኩት፤ የአባባ ወባ። በእግር ጣታችን ነበር የምንራመደው። እኔና እህቴ በሹክሹክታ እንጫወት ነበር፣ እንዳንቀሰቅሰው።

«ለምን አልነገርሽንም እማዬ?»

«ማን ያገባችኋል ብዬ ነዋ» አለች።

ቆሽቴ አርሮ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጩህ? «ሁልጊዜም ታታሪ ልጅ ነበረች» ያለው ይኸው አፍ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። በኋላ እማዬ ሜትሩን ጠቅልላ ጨበጠችውና፣ «ሲወስዷት ምን አለች? ሰው አልሰማትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሐጂ የነገሩኝ ያ ነገር ነበር። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። የለም፣ የሰማ የለም ማለት እችል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ነገርኳት። ወታደሮቹ ክንዷን ሲይዟት አልታገለችም፣ ፈገግ አለች፣ በጣቷ ወደ ናይሮቢ ወደመጣችበት አቅጣጫ አመለከተችና፣ «እህቴን ጥሩልኝ፤ እሷ ታስረዳችኋለች» አለች።